ተቀምጦ የሚሟገት የለም

«አባቷን እግሩ ላይ ሸክም አስራ ቁጭ ብድግ ታሰኘዋለች። ወላጅ እኮ ነው፤ ምልምል ወታደር አይደለም።»

አገርነሽ ይህን የጎረቤቷን ወሬ የሰማችው ከገዛ አልጋዋ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯን ሽበት አስመስሎት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም ብላ ነበር። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ጣሪያ ድረስ አይዘልቅም፤ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ይቀራል። በዚያ ክፍተት የጎረቤቷ የእትየ ወለላ በርበሬ ሲታመስ አገርነሽ ታስነጥሳለች፣ አገርነሽ ስታስነጥስ እትየ ወለላ ከወዲያ «ይማርሽ» ትላለች፤ እንዲህ ተስማምተው ስድስት ዓመት ኖረዋል። ወሬው ስለ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በቀበሌው እግሩ ላይ ከረጢት የሚታሰርለት አባት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመጋረጃው ወዲያ በሽቦ አልጋ ላይ፣ በሦስት ትራስ ተደግፎ፣ እንደ እሷው ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። አገርነሽ አንድ ጊዜ ሳል አለች። ከግድግዳው ወዲያ ጸጥ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ አባቷ አቶ አንዳርጋቸው፣ እስካሁን ደኅና የነበሩት ሰውየ፣ ማቃሰት ጀመሩ።

አቶ አንዳርጋቸው የተሰበሩት ከሐሙሲት ተዝካር ሲመለሱ ነው። ከጭነት መኪና ላይ ሊወርዱ ሲሉ ረዳቱ እጁን ቢዘረጋላቸው «እጅ አልያዝም» ብለው ራሳቸው ዘለሉ፤ የግራ ጭናቸው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሆስፒታሉ ሰባት ሳምንት እግራቸውን በገመድና በክብደት ስቦ አስተኛቸው፤ አጥንቱም ገጠመ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። አጥንቱ ሲድን ጉልበቱ ሥራውን ረስቶ ተገኘ፤ አይታጠፍም፣ አይሸከምም። ሆስፒታሉ ውስጥ የደከመ አካል የምታሠለጥነው ሲስተር ዘይነት ሁለት የመለማመጃ ብረት አስይዛ አቆመቻቸው፣ አስኬደቻቸው፣ ወደ ቤት ሲመለሱም ለአገርነሽ ሦስት ትእዛዝ ሰጠች። አንድ ኪሎ አሸዋ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታ ጠዋትና ማታ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እያሰረች አሥር አሥር ጊዜ እንዲያነሡ። በከዘራ እስከ አጥሩ በር ሄደው እንዲመለሱ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከበደው፣ ሲነሡም ሲቀመጡም ማንም እጁን እንዳይሰጣቸው። ይህ ካልሆነ ጉልበቱ እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከዛሬዋ ቅዳሜ አሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።

የእኛ ሰፈር ግን በሽተኛ እንዴት እንደሚያዝ ከሆስፒታል የሚማር ሰፈር አይደለም። በሽተኛ ይተኛል፤ ይጠየቃል፤ ጠያቂ ሲገባ በመጠኑ ያቃስታል። ራሱ ከበላ ነውር ነው፣ በእጅ ይጎረሳል። ባዶ እጁን የሚመጣ ጠያቂ የለም። የአቶ አንዳርጋቸው አልጋ ሥር በአምስት ሳምንት ውስጥ የእትየ ወለላ እርጎ፣ አንዱ አሥር ሳንቲም የሚሸጥ እንቁላል በየሣህኑ፣ ከዱርቤቴ በዘመድ የተላከ ነጭ ማር ገብቶበታል። ሰውየው ሆስፒታል ሳሉ «ዛሬ ስምንት እርምጃ ሄድሁ» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ቤት በገቡ በሳምንታቸው፣ ጠያቂው ሲበዛ፣ ስምንቱ እርምጃ አራት ሆነ፣ አራቱ ሁለት፣ ሁለቱም «ዛሬ ነፋሱ አይመችም» ሆነ። አገርነሽ ከረጢቱን ስታስር አባቷ የሚጮኹት ጩኸት ደግሞ በዚያ ባንድ ክንድ ክፍተት በኩል ሙሉ በሙሉ ይሰማል። አንድ ኪሎ አሸዋ እንዲህ እንደሚያስጮህ እሷም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ላይ የቀበሌው ጥበቃ አንድ ወረቀት አምጥቶ አስፈረማት። ለዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት የሚጠራ የፍርድ ሸንጎ መጥሪያ ነው፤ ከሥሩ ክሱ ተያይዟል። አገርነሽ በሩ ላይ ቆማ አነበበችው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። «እኔ ከሳሽ፣ ዕድሜየ የገፋ፣ ጉልበቴ የከዳኝ፣ ከእግዚአብሔርና ከዳኛ በቀር ወገን የሌለኝ ስሆን...» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር በልጅነቷ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ በቄንጥ የእጅ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች። አቶ አንዳርጋቸው ዱርቤቴ አጠገብ ስላለ አንድ እርሻ አሥራ አራት ዓመት ተከራክረዋል፤ ከወረዳ እስከ አዲስ አበባ ያልቆሙበት ችሎት የለም፤ ማመልከቻውን ሁሉ የምትጽፈው ልጃቸው ነበረች። በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መሬት ሲታወጅ መሬቱ ከነክሱ ተወረሰ። መሬቱንስ ረሱት። ክሱን ግን እንደ ሞተ ልጅ አለቀሱለት። ሚስታቸው ሲሞቱ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ መጡና ስድስት ዓመት በር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ብስክሌት ሲቆጥሩ ኖሩ።

መጋረጃውን ገለጠችው። «አባየ፣ ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«ወለላ ናት ያስጻፈች።»

«‹ከእግዚአብሔርና ከዳኛ በቀር› የሚለውንስ?»

አቶ አንዳርጋቸው ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ረዘም አድርገው አዩት። «እሷማ ‹በድላዋለች› ብላ ብቻ ልታስገባው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ክስ አይቀርብም። ትንሽ አቀናሁላት።»

አገርነሽ ተናደደች፤ ከንዴቷም ይልቅ አፈረች። ሌሊቱን ሙሉ የፈትል ማሽን ሥር ቆማ ያደረች ሴት፣ ገላዋን ታጥባ መተኛት ሲገባት፣ በአባቷ ቃል ተከሳ በር ላይ ቆማለች። ያም ሆኖ ከረጢቱን ከአልጋው ሥር አወጣችና የተለመደውን አለች፦ «ይነሡ አባየ። ሲስተሯ ተኝተው አይዋሉ ብላለች።»

«ነገሩ በዳኛ እጅ ነው» አሉ አባቷ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው እየሳቡ። «እስኪፈረድ ድረስ እግሬ ባለበት ይቆያል። ሕግ ነው።»

ምሳ ሳይደርስ ሆስፒታል ሄደች። በዘንባባው መንገድ ብስክሌቶች ደወላቸውን እያቃጨሉ ያልፋሉ፤ ሐይቁ ዳር ታንኳዎች የዘጌን እንጨት ያራግፋሉ፤ አንዱ የሚያውቃት የፋብሪካ ሰው «አባባ እንዴት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃት «ከሰውኛል» ልትለው አስባ «እግዜር ይመስገን» አለችው። ሲስተር ዘይነት ያለችበት ክፍል በጓሮ በኩል ነው። ሁለት ትይዩ ብረቶች፣ አንድ ቁመት ሙሉ መስታወት፣ የትም የማያደርሱ ሦስት የእንጨት ደረጃዎች አሉት። ደረጃዎቹ አገርነሽን ሁልጊዜ ያስገርሟታል፤ ሰው እያላበው ይወጣቸውና ግድግዳ ያገኛል፤ ዞሮ ይወርዳል፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። ያን ዕለት ቀኝ እጁን ጦር ሜዳ የተወ ወታደር ጥግ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ፊደል ይጽፋል። ከወር በፊት በቃሬዛ የገባች አንዲት የዘጌ ሴት ብረቱን ይዛ እየተራመደች ስለ ጌሾ ዋጋ ታማርራለች፤ የሚሰማት ሰው ባይኖርም እርምጃዋ በዋጋው ልክ ይፈጥናል።

ዘይነት የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ነጭ ካፖርቷ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክታ፣ ሰውን ስታነጋግር ከፊቱ ይልቅ እግሩን የምታይ ሴት። «ጉልበታቸው እስከምን ይታጠፋል?» አለች።

«ሰው ሲኖር አይታጠፍም። ሰው ሲወጣ ትንሽ።»

ዘይነት ሳቀች። «ከመሰበራቸው በፊት ምን ነበር የሚወዱት?»

«ክስ።»

«ምን ዓይነት ክስ?»

«ምንም ይሁን ምን። ብቻ ዳኛ ይኑር።» ይህን ብላ መጥሪያውን ሰጠቻት። ዘይነት አነበበችው፤ «ከእግዚአብሔርና ከዳኛ በቀር» ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይክሰሱሽ» አለች ወረቀቱን እየመለሰች። «እኛ እዚህ የምንፈልገው ሰው የሚወደውን ነገር ነው። ያ ወታደር አንድ ወር ሙሉ እርሳስ አልይዝም ብሎኝ ነበር። ለእጮኛው የሚላከውን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሲጽፍለት፣ ያ ሰው ከራሱ አንድ ሁለት ቃል ጨመረበት። በማግስቱ ራሱ እርሳስ ጠየቀኝ።» ከዚያ ለሸንጎው የሚሆን ማስረጃ ጽፋ ማኅተም አስመታችላት፤ በር ድረስ ሸኝታትም እጇን ያዘች። «እጅሽን ግን አትስጫቸው፤ ካልወደቁ በቀር። ካገዝሻቸው እግራቸው አንቺን ይተማመንና ይተኛል። ይኸ ሥራ ከባዱ ለበሽተኛው እንዳይመስልሽ። ቆሞ ለሚያየው ነው።»

የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር፤ ከተወረሰ ስድስት ዓመት ቢሆነውም አሁንም ኑግ ኑግ ይሸታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞልቶ ነበር። ሦስቱ ዳኞች በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ጓድ አዘዘ የፋብሪካው ጋራዥ መካኒክ ነው፤ በጥፍሩ ውስጥ ግራሶ የማይጠፋ፣ ፍርዱ የማይታማ፣ ረጅም ንግግር ብቻ የሚያስፈራው ሰው። አንድ የዶሮ ጠብና አንድ የስኳር ሰልፍ ጠብ ካለፈ በኋላ የእነ አገርነሽ ስም ተጠራ። በሩ በሁለት በኩል ተከፈተና አቶ አንዳርጋቸው ገቡ። የዕድሩ ሰዎች፣ አራት ሆነው፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመዋቸዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከታቦት በቀር እንዲህ የሚገባ ስለሌለ ሁለት አሮጊቶች ሳያውቁት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

እትየ ወለላ መሰከረች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በክፉ ቀን በሩን ያላንኳኳችበት ቤት በሰፈሩ የለም፤ ያየችውንም ነው የተናገረችው። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮየ ሰምቻለሁ። ሽማግሌውን ‹ራስዎ ይነሡ፣ ራስዎ ይቅዱ› ትላለች። ላጉርሳቸው ብየ ብገባ እጀን ከለከለችኝ። ይኸውና» ብላ አገርነሽ ሆስፒታል ሳለች ከአልጋው ሥር ያነሣችውን የአቡጀዲ ከረጢት ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጓድ አዘዘ በእጁ መዘነው። በሕዝቡ መካከል የከንፈር መጠጣ እንደ ዝናብ ወረደ።

አገርነሽ የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠች። ጓድ አዘዘ ቀስ ብሎ አነበበው፤ መገጣጠሚያ የሚለው ላይ አንድ ጊዜ፣ እንቅስቃሴ የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። «ወረቀት እግር አያውቅም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሁለቱ ዳኞች ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ተንሾካሾኩ፤ ከፊት ለቆመችው አገርነሽ ግን ይሰማታል። ሽማግሌው እስኪድኑ እትየ ወለላ ቤት ይተኙ፤ ዕድሩ በተራ ያስታማቸው፤ ልጅቱ ትመከር። አገርነሽ መከሰሱን ችላው ነበር። አሁን ግን ያ ጉልበት ታያት፤ በእርጎና በማር ተከብቦ፣ በፍቅር እየተጎረሰ፣ ቀን በቀን እየደረቀ። አባቷ ከእንግዲህ ከዚያ ወንበር የሚወርዱት ለሳጥን ብቻ ሊሆን ነው። ሌሊቱን ቆማ ያደረችበት ድካም ያን ጊዜ ነው የወረደባት።

«እርስዎስ አባባ ምን ይላሉ?» አለ ጓድ አዘዘ። «በሽተኛ ስለሆኑ ተቀምጠው ይናገሩ።»

አቶ አንዳርጋቸው ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አልህ ጌታው?»

«ተቀምጠው ይናገሩ።»

«ተቀምጨ?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የወጣው ቁጣ ለልጃቸው እንኳ አሳይተውት የማያውቁት ነው። «እኔ ከዱርቤቴ እስከ አዲስ አበባ ስንት ችሎት ስቆም ተቀምጨ አላውቅም። ዳኛ ፊት ተቀምጦ የሚሟገት የለም። ዳኛውን መናቅ ነው፤ ነገሩንም ማርከስ ነው።» ይህን ብለው ከዘራቸውን ተከሉና ተነሡ። ከዕድሩ ሰዎች አንዱ እጁን ሲዘረጋ «እጅ አልያዝም» አሉት። ጋቢያቸውን አወረዱ፤ እንደ ጥንቱ ወግ ደረታቸው ላይ አዙረው አደገደጉ። ከሕዝቡ ግማሹ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ግማሹ ደግሞ አይቶ ናፍቆታል።

«ውርርድ አለኝ» አሉ።

«እዚህ ውርርድ የለም አባባ። ይህ የሕዝብ ሸንጎ ነው።»

«ያለ ውርርድ የሚከራከር የሚናገረውን የማያምን ነው። ማር ልበል ብል ማሩ ሰው የሰጠኝ ነው። በቅሎ ልበል ብል በቅሎ የለኝም። ያለኝ ይኸ ነው። ብረታ ለእኔ፣ ብሸነፍ ለረታኝ።» ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ከዘራቸውን ከአሸዋው ከረጢት ጎን በጥንቃቄ አጋደሙት። ከዚያ ዞረው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀመሩ።

ምን እንዳሉ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይደጋግመዋል። አገርነሽ ግን አንዱንም ቃል በትክክል አልሰማችም። እሷ የምታየው የግራ ጉልበታቸውን ነበር። «ጠይቅልኝ ጌታው!» ይሉና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወረወራሉ፤ ጉልበቱ ይታጠፋል። «ይህች ልጅ ሳሳድጋት እግሯ ላይ አሸዋ አስሬባት አውቃለሁ?» ይሉና ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ጉልበቱ ይዞራል። ወደ ተከሳሿ ሄደው በጣታቸው ያሳዩአታል፤ ወደ ዳኞቹ ተመልሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጣቷን ከነጠላዋ ሥር አጥፋ ስትቆጥር ስምንትን አለፈች፤ አሥራ አምስትን አለፈች፤ ከሃያ በኋላ ተምታታባት። ከኋላ ሳቅ ተነሣ። አቶ አንዳርጋቸው ሕዝቡ በአንደበታቸው የሳቀ መሰላቸውና ይበልጥ ጋሉ። «በሽተኛ ነኝ! አልጋ የያዝሁ ነኝ! ይህን ብዋሽ ኃይለ...» ብለው የጥንቱን የንጉሥ መሐላ ሊምሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አዳራሹ እንደ መቃብር ጸጥ አለ። አቶ አንዳርጋቸውም የት እንዳሉ ትዝ አላቸው። ቀይዋን ጨርቅ አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር አዩ። «...ይህን ብዋሽ ሰፊው ሕዝብ ይሙት!» አሉ።

ጓድ አዘዘ ይህን እንደ ድጋፍ ይቀበለው እንደ ተቃውሞ ሳይገባው ለረጅም ጊዜ አሳለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ከዘራ አየ። ከወንበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለውን መሬትም አየ። መካኒክ ነው፤ የሚሠራና የማይሠራ ነገር ያውቃል።

«አባባ» አለ ዝግ ብሎ፣ «ከዘራዎን እኔ ጋ አስይዘዋል። ታዲያ እስካሁን የሚመላለሱት በምንድን ነው?»

አቶ አንዳርጋቸው መልስ ሊሰጡ እጃቸውን አነሡ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ ታች፣ ወደ እግራቸው አዩ። እግሮቻቸው ከወንበሩ ስድስት ክንድ ርቀው፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ለብቻቸው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባባቸው፤ ግራ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አገርነሽ ልትደርስላቸው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እጇ ሊዘረጋ ሲል መልሳ ሰበሰበችው፤ ሁለቱን እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ጥፍሯ መዳፏን እስኪወጋ ጨመቀች። ከልጅነቷ ጀምራ የሠራችው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይቀል ነበር። አባቷ ቀና ብለው አዩአት። የተቆላለፉትን ክንዶቿን አዩ። ምን እያደረገች እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል። እግራቸውን ትንሽ አራራቁና መንቀጥቀጡ እስኪቆም ጠበቁት፤ ቆመ።

«ጌታው» አሉ ለዳኛው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ስሟገት ዘመኔን ኖሬያለሁ። በሐሰት የረቱኝ ብዙ ናቸው። በእውነት የረታኝ ግን አልነበረም። ተረታሁ። ከዘራው የእሷ ነው።»

ፍርዱ አጭር ነበር። ከረጢቱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሽማግሌው ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ያንሡ፤ ቆጣሪዋ እትየ ወለላ ትሁን፤ ማጉረስ ክልክል ነው። እትየ ወለላ ፊቷ ቀላ፤ ግን ሹመት ሹመት ነውና ከረጢቱን ራሷ ተቀብላ ነጠላዋ ሥር መለሰችው።

ወደ ቤት የሄዱት በሐይቁ ዳር ነው። ፀሐይዋ ወደ ዘጌ በኩል አዘንብላ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ባዶውን ወንበር ተሸክመው ከፊት ይሄዳሉ፤ ወግ እንዳይጓደል ብለው ባዶም ቢሆን ለአራት ነው የያዙት። አቶ አንዳርጋቸው ከኋላቸው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ አገርነሽ የረታችውን ከዘራ ብትሰጣቸው «የተረታ አይቀበልም» ብለዋታል። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ። ሦስተኛው ላይ ሲቆሙ ሐይቁን እያዩ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሰው፣ «እንግዲህ ከዳንሁ ማን ይመጣል?» አሉ።

አገርነሽ ይህን ስትሰማ የአምስት ሳምንት ንዴቷ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት። ስድስት ዓመት በር ላይ ብስክሌት ሲቆጥሩ አይታቸው ነበር፤ አንድ ቀንም እንኳ የሚቆጥሩት ሰው አጥተው እንደሆነ አላሰበችም። ምን እንደምትላቸው ስትፈልግ፣ ከረጢቱን ይዛ አብራቸው የምትሄደው እትየ ወለላ ቀደመቻት። «እግር ያለው ይጠይቃል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?» አለች፣ አሁንም ትንሽ እንደተቀየመች። «እኔ በዚህ ሁሉ ወር ወገቤን ሲያመኝ ማን ጠየቀኝ? ነገ ጠዋት እኔ ቤት ይምጡ። ባዶ እጅዎን ግን እንዳይመጡ።» አቶ አንዳርጋቸው አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁና ጉዞ ቀጠሉ። እርምጃቸው ረዘም ያለ መሰለ።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ የዕድሩ ሰዎች ሊያርፉ ወንበሩን አወረዱት። አገርነሽ ሳታስበው ተቀመጠችበት። ጠዋት ለአፍታ ጋደም ከማለቷ በቀር ከትናንት ማታ ጀምራ ስትቀመጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጉልበቷ ላይ ከዘራውን እንዳጋደመች እንባዋ መጣ፤ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ አልጠረገችውም። አባቷ ከፊቷ ቆመው፣ አንድ ጊዜ በቀኙ አንድ ጊዜ በግራው እግራቸው እየተደገፉ ጠበቋት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተነሽ» አሉ። «ሲስተሯ ተቀምጠሽ አትዋይ ብላለች።»

አገርነሽ በእንባዋ መካከል ሳቀችና እንዲያነሷት እጇን ዘረጋችላቸው። አቶ አንዳርጋቸው እጇን አዩ፤ የራሳቸውን ሁለት እጆች ወደ ኋላ አድርገው አቆላለፉ።

«እጅ አይሰጥም» አሉ። «ራስሽ ተነሽ።»